የእንገር ቀለም

በሞያሌ ገበያ አንድን ነገር በአራት ስም መጥራት ብርቅ አይደለም። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ሰው ጠዋት በኦሮምኛ ተደራድሮ፣ ቀትር ላይ በሶማልኛ ተከራክሮ፣ ከሰዓት በኋላ ለመንግሥት ሠራተኛ ጉዳዩን በስዋሂሊ አስረድቶ፣ ማታ በአማርኛ ሲጫወት አምሽቶ ይተኛል። እንስሳ በወለደች ዕለት ከጡቷ የሚወርደው ወፍራም፣ ቢጫ ቀመስ ወተትም በዚህች ከተማ አራት ስም አለው። ቦረናው «ስልጋ» ይለዋል፤ ሶማሌው «ደምበር»፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ዳንጋ»፤ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «እንገር»። አራቱ ቃላት እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ከብት የሚያረባ ሕዝብ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም ልዋስ ብሎ ወደ ጎረቤት አይሄድም፤ ከቤቱ አለውና። እንግሊዞች እንኳ «ቢስቲንግስ» የሚል የራሳቸው የገጠር ቃል ነበራቸው። ዛሬ ከተሜው ረስቶት፣ ሐኪሙም መምህሩም «ኮለስትረም» የሚለውን የላቲን ቃል ይጠቀማል። ቋንቋ ከበረት በራቀ ቁጥር እንዲህ ያሉትን ቃላት በየመንገዱ እየጣለ ይሄዳል።

በደጋው አገር እንገር ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው የላም እንገር ነው። ላም በወለደች ሰሞን እንገሩ እሳት ላይ ሲጣድ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ ልጆች ዙሪያውን ከብበው ይጠብቁታል። የሚረጋበት ምክንያት ሙቀት ሲነካው የሚጋገር ፕሮቲን ስለሚበዛበት ነው። ተራ ወተት ሲፈላ ይገነፍላል እንጂ እንዲያ አይረጋም። ይኸው ቃል ለላሟም፣ ለበጓም፣ ለአራሷ ሴትም ያገለግላል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ከሞያሌ ከተማ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወረድ ጎልቦ የሚባለው ሰፊ ቆላ ይዘረጋል። በዚያ የሚታየው በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ በሱፍ ፋንታ አጭር ጠጉር የለበሰ፣ ከላቱ ሥር ስብ ያዘለ ነው። ይህ ዝርያ ከሶማሌ ምድር እስከ ቦረናና እስከ ሰሜን ኬንያ የተስፋፋ፣ ጥማትን የሚችል፣ በክፉ ቀን ከስቡ እየቆረሰ የሚኖር ዝርያ ነው። ቦረና ክብሩን የሚቆጥረው በላም ስለሆነ ለበግ ዘፈን አያወጣም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ላሞቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ በቦረና «ገና» ይባላል፤ ከልደት በዓል ጋር አይምታታ። የጥቅምትና የኅዳሩ ደግሞ «ሀገያ» ነው። ሁለቱም እየተፈራረቁ ቀሩ። በ2023 የጸደይ ወራት ዝናቡ ሲመለስ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ ከልክ አልፎ ጎርፍ ሲሆን፣ ብዙው ቤተሰብ በረቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በዚያ ሰሞን ተረት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ባዶ በረት የሚሞላው ከታች ነው። ላም ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፤ በግ አምስት ወር ብቻ። ስለዚህ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የቀረው ሰው አስቀድሞ የሚገዛው እንስት በግ ወይም ፍየል ነው። የአንድ ግልገል መኖርና መሞት ትልቅ የቤተሰብ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ያም የሚወሰነው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ድርቁ ካለፈ በኋላ በአንድ የሀገያ ሰሞን ከጎልቦ መንደሮች በአንዲቱ ከንጋት በፊት አንዲት በግ መንታ ወለደች። የመጀመሪያ ወሊዷ ነበር፤ በዚህ ዝርያ ደግሞ መንታ ብዙ አይታይም። የቤቱ አያት በበረቱ እሾህ አጥር ተሹለክልከው ገቡና ከበጓ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ግቷን በእጃቸው ዳብሰው ሁለቱን ጡቶች በየተራ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። የጡቱን ጫፍ የደፈነው ሰም መሰል ነገር ወጣ፤ ቀጥሎም ወፍራም ጠብታ መዳፋቸው ላይ አረፈ። መዳፋቸውን ወደ ጎሕ አቅንተው ቀለሙን አዩ፤ ከዚያም ቀመሱት።

«ጨው አለው፤ ደኅና ነው» አሉ።

የልጅ ልጃቸው በእንስሳት ጤና ትምህርት ላይ ያለች፣ ለእረፍት የመጣች ኮረዳ ናት። «አኮ፣ ጨውነቱ ምን ይነግርዎታል?» ብላ ጠየቀች። አኮ ማለት በቦረና አያት ማለት ነው፤ ንግግራቸውም በኦሮምኛ ነበር።

«ገና ደም መሆኑን ነዋ» ብለው መለሱላት አያቲቱ፤ «ደሙ ወተት እስኪሆን ጨው ጨው ይላል።»

ልጅቱ በትምህርት ቤት ሁለት ምዕራፍ የፈጀ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነገራት። በእርግዝናው መጨረሻ በግቷ ውስጥ ወተት የሚሠሩት ሕዋሳት ጎን ለጎን የተደረደሩ ቢሆንም በመካከላቸው ያለው ክፍተት ገና አልጠበቀም። በዚያ ክፍተት ከደም የሚመጣው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም ጨው የሚሆኑት ሁለቱ ማዕድናት፣ ወደ ወተቱ ይሰርጋሉ፤ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስና ፖታሲየም በአንጻሩ ያነሱ ናቸው። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ክፍተቱ ይደፈናል። ያን ጊዜ ሶዲየም ይቀንሳል፤ ፖታሲየምና ላክቶስ ከፍ ይላሉ፤ ጨው የነበረው ወተት ይጣፍጣል። ስለዚህ የአያቲቱ ምላስ የለካው እውነተኛ ነገር ነው። «ገና ደም ነው» ማለታቸውም ከዘይቤ ያለፈ ነው፤ እንገር ከተራ ወተት ይልቅ ለደም ይቀርባልና።

ይህ ቅርበት ከጨው ባለፈ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለው። የሰው ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ እናቱ በሽታ የሚከላከሉትን ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጁ በኩል ታቀብለዋለች። የበግ እንግዴ ልጅ ግን ሥሪቱ ሌላ ነው፤ የእናትንና የፅንስን ደም የሚለያየው ግንብ ወፍራም ስለሆነ ፀረ እንግዳ አካላት አያልፉበትም። ግልገል እንግዲህ በሽታን የሚመክትበት ጋሻ ሳይኖረው፣ በበረት ትቢያና ፍግ ላይ ይወድቃል። እናቲቱ ጋሻውን ያዘጋጀችለት በግቷ ውስጥ ነው። ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ፀረ እንግዳ አካላቱን ከደሟ እየቀዳች በእንገሩ ውስጥ ታከማቻለች። የግልገሉ አንጀት ደግሞ በተወለደባቸው ሰዓታት ብቻ የተለየ ጠባይ አለው፤ እነዚህን ትልልቅ ፕሮቲኖች ሳይፈጭ እንዳሉ ወደ ደሙ ያሳልፋቸዋል። በሩ ግን ብዙ አይቆይም። ከስድስት ሰዓት በኋላ እየጠበበ ይሄድና በሃያ አራት ሰዓት ግድም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠባው እንገር ምግብ ይሆነዋል፤ አንጀቱንም ይጠብቅለት ይሆናል፤ ወደ ደሙ ግን አይገባም።

ሳይንስ ይህን በሚገባ የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንገር የተከለከሉና እንገር የጠጡ ጥጆችን አነጻጽረው፣ የተከለከሉት አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ በደም መመረዝ መሞታቸውን ጻፉ። በጎልቦ ሜዳ ያሉ ሴቶች ይህን ለማወቅ 1922ን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

ወደ በረቱ እንመለስ። ከመንታዎቹ አንዱ ተንገዳግዶ ተነሣና ጡት አገኘ። ሁለተኛውን እናቲቱ አሸተተችና በግንባሯ ገፋችው፤ ቢመለስም ደግማ ገፋችው። አያቲቱ በጓን በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው ይዘው ከሁለቱም ጡቶች ወደ ትንሽ ኩባያ አለቡ። ልጅቱ ሒሳቡን በቃሏ ታውቀዋለች፦ ግልገል በመጀመሪያው አጠባብ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀኑ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን መንታ በመጀመሪያ ከአንድ የቡና ስኒ አለፍ ያለ፣ እስከ ማግስቱ ንጋት ደግሞ አምስት ስኒ ያህል ማለት ነው። አያቲቱ በሚሊ ሊትር አልቆጠሩም። የግልገሉን ሆድ በሁለት ጣት እየዳበሱ፣ ሲወጠር ተዉ፤ ሲላላ ደገሙ። ሌሊቱንም ሁለት ጊዜ ተነሡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ እረኛ ልጅ ከሌላ በረት ግልገል ታቅፎ መጣ። እናቱ በወለደች በማግስቱ ሞታለች፤ ግልገሉም ግቷ ሳይፈስለት አንድ ቀን ተኩል ሆኖታል። አያቲቱ ተቀብለው ከመንታዋ እናት የተረፈውን እንገር ሰጡት፤ የፍየል ወተትም ጨመሩለት። ሆዱ ሞላ፤ ጅራቱንም ቆላ። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው፤ በአራተኛው ሞተ። አያቲቱ እጃቸውን በአሸዋ እያሹ «ዘግይቶ ነው የመጣው» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልጨመሩም። የተገፋው መንታ ግን ቆሟል።

አሁን ስለ ቀለሙ ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው የእንገርን ቢጫነት ያያል እንጂ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ለመጠየቅ ደግሞ አስቀድሞ ወተት ለምን ነጭ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የዚህም መልስ የሚገኘው ከማዕድን ዘንድ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በካልሲየምና በፎስፌት ተያይዞ በዓይን የማይታዩ እንክብሎች ይሠራል። እነዚህ እንክብሎችና የስቡ ጥቃቅን ጠብታዎች ያረፈባቸውን ብርሃን ቀለም ሳይመርጡ በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ሳይመርጥ የሚበትን ነገር ደግሞ ለዓይን ነጭ ነው። አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም ወተቱን በማንጣትም ድርሻ አለው ማለት ነው።

ቢጫው ከሌላ ወገን ይመጣል። ላም ለምለም ሣር ስትግጥ ካሮቲን የተባለው የሣሩ ቢጫ ቀለም ሳይለወጥ ወደ ስቧ ያልፋል፤ የመስከረምና የጥቅምት ቅቤ ከበጋው ቅቤ ይልቅ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። በግና ፍየል ግን ካሮቲኑን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጡታል። ቫይታሚኑ ደግሞ ቀለሙ እጅግ ፈዛዛ ነው። የፍየል ቅቤ ነጭ፣ የበግ ሞራም ነጭ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ታዲያ የበግ እንገር ቢጫነቱን ከየት አመጣው? ከስቡ ብዛት፣ በስቡ ውስጥ ከተከማቸው ቫይታሚን ኤ፣ ራይቦፍላቪን ከተባለው ቫይታሚንም ነው። ይህ የመጨረሻው አጓት ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ቀመስ ቢጫ የሚሰጠው ነው። ከላም እንገር ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የበጉ ገርጣ ያለ፣ ጥሬ ማር ሳይሆን የተነጠረ ቅቤ የሚመስል ነው። በሁለተኛው ቀን ይሳሳል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነጭ ወተት ይሆናል። በቤተ ሙከራ የቀለም መለኪያ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ንጣቱ በፍጥነት ሲወጣ ቢጫነቱ በፍጥነት ይወርዳል። አንድ ቀለም በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ሲቀየር በዓይን መከታተል በራሱ ደስ ይላል፤ በየማለዳው አንድ ጠብታ ጥቁር ድንጋይ ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል።

ከቀለሙ ጋር ማዕድናቱም ይለወጣሉ። ማግኒዥየም በመጀመሪያው እንገር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እንገር ግልገሉ በማኅፀን ሳለ በአንጀቱ ያጠራቀመውን ጥቁር፣ ዝልግልግ እዳሪ ጠርጎ የሚያወጣ ረጋ ያለ ማስቀመጫ በመሆኑ ማግኒዥየሙ አንዱ ረዳት ነው። ዚንክም በመጀመሪያው ቀን ይበዛና ይቀንሳል። ካልሲየምና ፎስፈረስ ከፍ ብለው ጀምረው ረጋ ይላሉ፤ የረጋው መጠን ራሱ ግን ትንሽ አይደለም። በ100 ግራም የበግ ወተት ውስጥ 190 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይገኛል፤ በላም ወተት 120፣ በሰው ወተት 30 ያህል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ለማድረግ አምስት ወር ያህል ይፈጅበታል፤ ግልገል ግን በተወለደ በሰዓቱ ይቆማል፣ በጥቂት ሳምንታትም እጥፍ ይሆናል። አጥንት የሚገነባው ከእናቱ አጥንት እየተቀዳ ነው። ለዚህም ነው በእርግዝናው ማብቂያ አንዳንድ በጎች፣ በተለይ መንታ የተሸከሙት፣ ድንገት ጉልበታቸው ከድቷቸው የሚወድቁት።

መዳብ ግን ከዚህ ይለያል። ወተት በመዳብ ድኻ ነው፤ እንገርም ቢሆን ጉድለቱን አይሞላውም። ግልገሉ መዳቡን አስቀድሞ በማኅፀን ሳለ በጉበቱ ያከማቻል። እናቲቱ የጎደላት እንደሆነ የኋላ እግሮቹ የማይታዘዙለት፣ ሲሄድ የሚወዛወዝ ግልገል ይወለዳል፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያሉ ግልገሎች ታይተዋል። በኬንያም በናኩሩ አካባቢ ከብት ሣር እየጠገበ ይከሳ የነበረበት በሽታ በከተማዋ ስም «ናኩራይቲስ» እስከ መባል ደርሶ፣ በኋላ ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያለው የኮባልት እጥረት ሆኖ ተገኝቷል። እረኛ ስለ መዳብና ስለ ኮባልት በስማቸው ባያውቅም ከብቱ አፈር ስትልስ ካየ መንገዱን ይቀይራል። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ባለው በጨው ቤት ሰዎች እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ጥልቁ ድረስ ወርደው፣ ጥቁሩ ውኃ ውስጥ ገብተው የሚያወጡት ጨው ለሰው ወጥ ብቻ አይደለም፤ ለከብትም ነው። በኬንያ በኩል ያሉት ደግሞ ወደ ቻልቢ በረሃ ጨዋማ ምድር ይነዳሉ። በጎልቦ የበግ እንገር ውስጥ የሚገኘው ማዕድን እንግዲህ ከዚህ ምድር፣ ከዚህ ውኃ፣ ከዚህ ጨው የመጣ ነው።

ቀለሙን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ቢጫና ወፍራም እንገር ሁሉ መልካም ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። በእርግዝናዋ መጨረሻ የተራበች በግ እንገሯ ጥቂት፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ ዘግይቶም የሚወርድ ይሆናል። ሲያዩት የበለጸገ ይመስላል፤ ደካማ ግልገል ግን ስቦ ሊያወጣው ይቸግረዋል፤ ቢያወጣውም አይበቃውም። በድርቁ ዘመን ብዙ ግልገል ያለቀው ወተት ጨርሶ በመጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ ስኒ ባለመሙላቷም ጭምር ነው። ቀላ ያለ እንገር ከሆነ በእብጠት ብዛት ትንንሽ የደም ሥሮች ተበጥሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠራል። እብቅ እብቅ ያለበት ወይም እንደ ውኃ የቀጠነ ሆኖ ግቱ የሚያተኩስ ከሆነ፣ ይባስ ብሎም ግቱ ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ የጡት በሽታ ነውና ግልገሉን ወደ ሌላ እናት መውሰድ ነው። በኮሌጁ እንደ ኪስ ባትሪ ያለች፣ አንድ ጠብታ እንገር ጠብ አድርገው ወደ ብርሃን የሚያዩባት መሣሪያ አለች፤ ልጅቱ ስለ እርሷ ስታወራ አያቲቱ በትዕግሥት ሰምተው «ትቀምሳለችን?» ብለው ጠየቁ።

ከገበያ የምትገዛ በግ ደግሞ ሌላ ነገር ናት። እናት በእንገሯ የምታወርሰው ፀረ እንግዳ አካል እርሷ ራሷ በሕይወቷ የገጠመቻትን በሽታ የሚመክት ነው። የአንድ በረት በሽታ የዚያ በረት እናት ታውቀዋለች። ከሩቅ የተገዛችና በማግስቱ የምትወልድ በግ ግን ለልጇ የምታወርሰው የሌላ አገር ጋሻ ነው። ስለዚህ ለመተኪያ የሚገዛ ሰው ልትወልድ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ የቀራትን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአዲሱን በረት ጠላቶች ታውቃለችና። በሞያሌ ይህ የድንበር ጉዳይ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በይፋ የተከፈተው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሰውንና የጭነት መኪናውን ወረቀት በአንድ ቦታ ይመረምራል፤ በግ ግን ፓስፖርት የላትም፤ በየቁጥቋጦው ታልፋለች። አብሯትም በሽታው፣ አብሯትም መድኃኒቱ ይሻገራል። ደስታ የተባለው የከብት መቅሠፍት ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ታውጇል፤ ዘመዱ የሆነውን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት ደግሞ በ2015 ዓለም አቀፍ ዕቅድ ወጥቷል። የተከተበች እናት መከላከያዋን በእንገር ታወርሳለች፤ የክትባት ሠራተኞች ግልገሎችን ወራት ሳይሞላቸው የማይወጉትም የእናቲቱ ውርስ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው።

አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ወዳልነው ነገር እንመለስ። መንታዎቹ በተወለዱበት ሳምንት በዚያው መንደር አንዲት ወጣት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ቤቱ በሴቶች ተሞላ። ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት «ሲቀመጥ የከረመ ነው፤ የሕፃኑን ሆድ ያውካል፤ ነጩ እስኪመጣ ይፍሰስ» አሉ። ለሕፃኑም ለጋ ቅቤ በትንሽ ዕቃ ተዘጋጀ። ቅቤውን የያዙት እኒያው ለመንታው ግልገል ሌሊቱን ሁለት ጊዜ የተነሡት አያት ነበሩ።

ይህ የጎልቦ ነገር ብቻ አይደለም። ቅቤ ወይም ስኳር በጥብጦ በማስላስ እንገርን ማፍሰስ በኢትዮጵያ ደጋም ቆላም፣ በሌሎች ብዙ አገሮችም የኖረ ልማድ ነው። እንገር በሚለው በዚያው አንድ ቃል ደጋው የላሟን ይበላል፣ የሴቲቱን ያፈሳል። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም። በግን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያነበበ ዓይን የራሱን ልጅ ሲያይ ለምን ይታወራል? ምክንያቱ ከላይ በተጠቀሰው የእንግዴ ልጅ ልዩነት ውስጥ የተደበቀ ነው። እንገር ያጣ ግልገል በአራተኛው ቀን ይሞታል፤ ምክንያቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ፤ ስለዚህ እረኛ ሁሉ ይማራል። ሕፃን ግን ከእናቱ ደም ስንቅ ይዞ ስለሚወለድ እንገር ቢፈስበትም በአራተኛው ቀን አይሞትም። የሰው እንገር ትልቁ ሥራ ወደ ደም መግባት ሳይሆን የአንጀቱን ግድግዳ መቀባትና መጠበቅ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዘግይቶ፣ በተቅማጥ ወይም በሌላ በሽታ ስም ነው፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የፈሰሰውን ቢጫ ወተት የሚያስታውስ የለም። ይኸው ቅጣት መዘግየቱ ልማዱን አቆየው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ «ቢጫውን ወተት አታፍስሱ» ሲሉ ኖረዋል። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአሥር ሕፃናት ሰባቱ ያህል በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመራቸው ተመዝግቧል። ያልጀመሩት ሦስቱ ግን ቀላል ቁጥር አይደሉም።

ልጅቱ በዚያ ቤት የተናገረችው ነገር ረጅም አልነበረም።

«አኮ፣ የበጓን ሲቀምሱ ጨው አለው፤ ደኅና ነው ብለው አልነበረምን?»

«ግልገል ግልገል ነው፤ ሰው ሰው ነው» አሉ አያቲቱ።

«ሰው ነውና ይበልጥ ቢጫ ነው» አለች ልጅቱ። ይህም እውነት ነው፤ የሰው ልጅ እንደ በግ ካሮቲኑን ሁሉ አይለውጥምና የሴት እንገር ከበግ እንገር ይልቅ ወርቃማ ነው። «ጨውነቱም ያው ነው። ይቅመሱት።»

ሴቶቹ ሳቁ። አራሷ አፈረች፤ ነገር ግን አልከለከለችም። አያቲቱ በጣታቸው ጫፍ አንዲት ጠብታ ተቀብለው እንደ በረቱ ሁሉ ወደ በሩ ብርሃን አቅንተው አዩዋት፤ ከዚያም ቀመሱ። ጥቂት ዝም አሉ። ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አንሥተው ደረቷ ላይ አስተኙትና ራሱን በመዳፋቸው ደግፈው አፉን ከጡቷ አገናኙት። ቅቤውን ግን አልጣሉትም፤ የአራሷን ፀጉር ቀቡበት።